ዲግሪያችን አንድ፣ ደመወዛችን ለየቅል

ከተመረቅን በአምስተኛው ዓመት የዶርም ጓደኛዬ የደመወዝ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ግብሩን በትክክል የቆረጡልኝ አይመስለኝም፣ እስቲ እዪልኝ» አለችኝ። በዚያን ጊዜ የደመወዝ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ የማይልክልኝ ሰው አልነበረም። ካልኩሌተሬን አወጣሁ፣ የጡረታ መዋጮውን አየሁ፣ ግብሩን አሰላሁ። «ልክ ነው፣ አታስቢ» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የላይኛው ቁጥር፣ ያልተጣራው ደመወዝ፣ ዓይኔ ላይ የቀረው። የእኔን ደመወዝ ከነግማሹ ነበር።

አንድ ዲፓርትመንት፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ። ነጥብ ከተባለ እንዲያውም የእኔ ትንሽ ይበልጣል፤ ፈተና ሲደርስ እያስረዳሁ የማነጋት እኔ ነበርኩ። ያን ማታ አንድ ነገር ብቻ ነው የታሰበኝ፦ «እናቷ ደውለውላት ነው።» እናቷ በዚሁ ሙያ ትልቅ ቦታ የደረሱ ሰው ናቸው። የእኔ አባት ዘበኛ ነው፤ እናቴ ስሟን ከመፈረም በላይ አትጽፍም። ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ። ሰው ያለው ይገባል፣ ሰው የሌለው ደጅ ይጠናል።

እናቷ ለማንም አልደወሉም ነበር። ደመወዛችንን በመለየት ረገድ ቤተሰብ እጁ እንዳለበት ዛሬም አልጠራጠርም፤ የገባበት በር ግን እኔ ካሰብኩት ሌላ ነው። ያንን በር ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይተርፈኝ ነበር። ከቤታችሁ የመጀመሪያው ዲግሪ የእናንተ ለሆነ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው።

ቤታችን ውስጥ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ነገር አንድ ነበር፦ ገብተሽ በጥሩ ውጤት ከወጣሽ ሥራው ራሱ ይመጣል። ማንም ሊዋሸኝ ፈልጎ አይደለም። አባቴ ከሚጠብቀው ሕንፃ የሚገቡና የሚወጡት ዲግሪ ያላቸው መሆናቸውን ያያል፤ እንዴት እንደገቡ ግን ከበሩ ላይ ሆኖ አይታይም። እኔም ዓመቱን ሁሉ ነጥብ ሳሳድድ ከረምኩ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለን አንድ ማታ ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ተጋድማ «እናቴ ነጥቡን ብዙ አትጨነቂበት፣ የሙያ ፈተናውን ቀድመሽ ጀምሪ አለችኝ» አለችኝ። የቱ ፈተና? ከዲግሪው ሌላ የሙያ ምስክር ወረቀት እንዳለ፣ በዘርፉ ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የተወሰኑት ሊቀሩለት እንደሚችሉ፣ በእኛ ሥራ ደመወዝን ወደ ላይ የሚገፋው እሱ እንደሆነ ያን ማታ ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አልያዝኩትም። «ይሄ ለእነሱ ነው» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ምናልባት ከመምህራኖቻችን አንዱ ስለዚህ ነግሮን ይሆናል፤ ለፈተና የማይመጣ ነገር ማስታወሻዬ ላይ አይገባም ነበርና አላስታውስም። መምህር ቢሮ ሄጄ የጠየቅኩበትን ቀንም አላስታውስም፤ ቢሮ የሚኬደው ውጤት ሲበላሽ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እረፍት እሷ አንድ የኦዲት ቢሮ ያለ ክፍያ ልምምድ ገባች። እኔ ሁለት ወር ያለ ክፍያ የመሥራት አቅም ስላልነበረኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ቆጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱን ይዤ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እሄዳለሁ፣ ካርቶን እቆጥራለሁ፣ ካልገጠመ ቀይ አደርግበታለሁ። ገንዘቡን ቤት ላክሁ። ሲቪዬ ላይ ግን አላሰፈርኩትም፤ አፈርኩበት። የተማረ ሰው ካርቶን ቆጠረ እንዳይባል።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ሳላስበው ጨዋታ መሐል ሳነሳው፣ ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ይሄ ለምን ሲቪሽ ላይ የለም?» አለችኝ። የንብረት ቆጠራ ራሱን የቻለ የኦዲት ሥራ ነው፤ መዝገቡ አለ ያለው ዕቃ በእርግጥ መደርደሪያው ላይ መኖሩን ሄዶ ማየት። እኔ ያንን ከኦዲተሩ ማዶ ቆሜ ሁለት ወር ሠርቼዋለሁ። ካርድና መደርደሪያ አልገናኝ ሲሉ ዕቃው የት እንደገባ የሚያውቁት ቆጣሪዎች ናቸው (እኔ ባየሁት ሁሉንም ሌባ አይወስደውም፤ የወጪ ወረቀቱ ሳይመዘገብ የአንዱ ኪስ ውስጥ ይቀራል)። ስለዚህ ለእንጀራ ብላችሁ የሠራችሁትን ሥራ ሲቪያችሁ ላይ አስፍሩት። ምን እንደቆጠራችሁ፣ ስንት ሰው እንዳስተናገዳችሁ፣ ምን ያህል ገንዘብ በእጃችሁ እንዳለፈ ጻፉ። ያለ ክፍያ ልምምድ የሠራው ልጅ ሲቪው ላይ «ተሳተፍኩ» የሚል ነው የሚበዛው፤ እናንተ ግን ሠርታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። ዶርሙን ለመልቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩን ለሁለታችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ የሥራ ጥሪ መጣልን። እኔ የሄድኩበት ቦታ ሠራተኛዋ የቅጥር ደብዳቤውን አዙራ ወደ እኔ ገፋችው፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አኖረችው። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን እስከ ግማሽ አነበብኩ፣ ደመወዙ ላይ ስደርስ አባቴ በወር ከሚያገኘው እንደሚበልጥ ታየኝ፣ ፈረምኩ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ጥያቄ አለሽ?» አለችኝ። «የለኝም፣ አመሰግናለሁ።»

የጓደኛዬ ደብዳቤ የተነበበው በዚያው ማታ ዶርማችን ውስጥ ነው። ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው፤ እናቷ ከወዲያ ሆነው ያዳምጣሉ። እሷ መስመር በመስመር ታነባለች። «ሦስተኛውን ነጥብ ድገሚልኝ» ይላሉ። «የሙከራ ጊዜው ስንት ወር ነው ይላል? የፈተና ክፍያ ይሸፍናሉ? ደመወዝ የሚከለሰው መቼ ነው?» መጨረሻ ላይ «በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሐሙስ መልስ እሰጣችኋለሁ በያቸው» አሏት። እኔ ልብሴን እያጣጠፍኩ በልቤ «ቅንጦት!» አልኩ። ሥራ ተገኝቶ ሐሙስ?

ሐሙስ ደርሶ እምቢ አለች። ቀጥሎ የመጣውንም መለሰችው። አምስት ወር ቤቷ ተቀመጠችና የሙያ ፈተናውን የሚከፍልላት፣ በአንዳንድ ሳምንት የጥናት ቀን የሚሰጣት የኦዲት ቢሮ ገባች። የመነሻ ደመወዟ ከእኔ የሚበልጠው በጥቂቱ ነበር። አራት ዓመት ሲታከልበት ግን ያ ጥቂት ያየሁት ቁጥር ሆነ።

በአምስቱ ወር ያበላት፣ ያኖራት ቤቷ ነው። እኔ ሁለት ወር ብቀመጥ የሚያስጠጋኝ ቀርቶ ደመወዜን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩኝ፤ ከእኔ በታች ሁለት ተማሪዎች አሉ። ቤተሰቧ ከሰጣት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው እላለሁ፦ እምቢ ብሎ መቀመጥ መቻል። የእኔ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው «የመጀመሪያውን ሥራ አትቀበሉ» ብዬ አልመክርም። በችግር ላይ ሆኖ መፈረም ነውር የለውም፣ እኔም በመፈረሜ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ሁለተኛውን ገጽ ሳላገላብጥ መፈረሜ ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራ ስጀምር አባቴ ሦስት ነገር መከረኝ፦ ቀድመሽ ግቢ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ፣ አለቃ ፊት አትቁሚ። «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳል። ለእሱ ሠርቶለታል፤ ስንት አለቃ ሲቀያየር እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ለዘበኛ ዝምታ ሙያ ነው፤ የሚያየውን ሁሉ የሚያወራ ዘበኛ አንድ ወር አይቆይም። በኋላ ላይ ሜልቪን ኮን የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 ስላሳተመው ጥናት ሳነብ አባቴን ቁጭ ብሎ ያየሁት መሰለኝ። ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት የራሳቸው ሥራ ያስተማራቸውን ነው ይላል፤ በቅርብ ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ወላጅ መታዘዝን ያስቀድማል፣ በራሱ እየወሰነ የሚሠራ ወላጅ ደግሞ ልጁ በራሱ እንዲወስን ይፈልጋል። አባቴ የሰጠኝ ምክር ለራሱ ሥራ ትክክለኛው ምክር ነበር።

እኔ በገባሁበት ክፍል ግን ዝም ያለ ሰው «ሐሳብ የለውም» ተብሎ ነው የሚታለፈው። አንድ ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላበት ቀመር ውስጥ ስህተት አገኘሁ፤ የእረፍት ቀን ሰዓቶች በተራ ቀን ዋጋ ነበር የሚሰሉት። ሦስት ማታ አምሽቼ አረጋገጥኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ? አጠገቤ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ እጁን አውጥቶ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። እሱን ለመውቀስ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ ነገር ግን እጄን ማን ያዘኝ? አባቴ የማይጠቅሰው ሌላ ተረት አለ፦ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።» እኔ ቤት ያ ተረት አልገባም።

እንግዲህ የደመወዝ ወረቀቷን ያየሁት እንዲህ ዝም ብዬ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ቀጥሎ ያደረግሁት ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ነበር፤ ስልኳን ማንሳት ተውኩ። ሰባት ወር። «እነ እንትና» እያልኩ ለሌሎች ማማት ጀመርኩ። ቂሙ ደስ ይላል፣ አልዋሽም፤ ሰው ሁሉ በዘመድ ነው የገባው ካልኩ እኔ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። የዘመድ ቅጥር የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። ግን ያላየሁትን ነገር ሰበብ አድርጌ፣ ያንን በር ሊያሳየኝ ከሚችለው ብቸኛ ሰው ራቅሁ።

በዚያው እልህ ማንበብ ያዝኩ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የእንግሊዙ የፊስካል ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ነው። የግብርና የተማሪ ብድር መዝገቦችን አገናኝተው 260,000 ያህል ተማሪዎችን ከተመረቁ በኋላ እስከ አሥር ዓመት ተከታተሉ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ትምህርት የጨረሱትን እርስ በርስ ሲያወዳድሩ እንኳ ከባለጠጋ ቤት የመጡት 10 በመቶ ገደማ የበለጠ ያገኛሉ። ቁጥሩ አጽናናኝ፤ ያበድኩት እኔ አይደለሁም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አሳፈረኝ። የእኛ ልዩነት ግማሽ ነው፤ 10 በመቶው የቤተሰብ ከሆነ የቀረው የማን ነው? የብዙ ሰው ቁጥር ለሁለት ጓደኛሞች እንደማይሠራ የሒሳብ ሰው ሆኜ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ግን አለቀቀኝም።

መፍትሔው ማስተርስ ነው ብዬም አስቤ ነበር። ይህን ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማይክል ሃውት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካን መረጃ አይቶ፣ ዲግሪ ከያዙ ሰዎች መካከል ሲታይ የወላጅ ደረጃ በልጁ የሥራ ደረጃ ላይ ያለው ተፅዕኖ ይጠፋል ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ተደሰተበት። ፍሎሬንሲያ ቶርቼ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትመረምረው ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የተማሩት ላይ ተፅዕኖው ተመልሶ ብቅ ይላል። ለሙያችሁ የሚያስፈልግ ከሆነ ተማሩ። ቤተሰብ የፈጠረውን ልዩነት ለመደምሰስ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ወረቀት አይደመስሰውም፤ እኔ ለማስተርስ ልከፍለው የነበረውን ገንዘብ ለሙያ ፈተናው በማዋሌ አመሰግናለሁ።

ጓደኛዬ በስምንተኛው ወር ሳትነግረኝ የሥራ ቦታዬ በር ላይ መጥታ ቆመች። «ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ እናቷን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ሳቀች። «እናቴ ለማን ነው የምትደውለው? የምታውቃቸው ሁሉ ጡረታ ወጥተዋልኮ!» ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ያን ማታ እዚያው ነበርሽ። ያንቺንም ደብዳቤ ታነብልሽ ነበር፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?» መልስ አልነበረኝም። መጠየቅ እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር፤ ይህን ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

«ደብዳቤውን አምጪው» አለች። ቤት ሄደን ከሰነዶቼ መሐል አውጥቼ ሰጠኋት፤ ልክ እንደ እናቷ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች። የሙከራ ጊዜው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲያመለክት ደመወዙ ይታያል ይላል፤ ከዚያም በየዓመቱ። «ስንቴ አመለከትሽ?» አለችኝ። አንዴም። ፊርማዬ ከአንቀጹ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

በማግሥቱ አመለከትኩ። የጨመሩልኝ ትንሽ ነው፣ ያለፈውንም ማንም አልከፈለኝም። ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ ከሥራዬ አላባረረኝም፤ አለቃዬ አንብቦት «እሺ፣ አያለሁ» ብቻ ነው ያለው። አራት ዓመት የፈራሁት ይህን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለእናንተ ይጠቅማል ብዬ ልንገራችሁ። ከሁሉ የከበደኝ ከቤት ጋር መነጋገር ነው። ቤት በደወሉ ቁጥር ያለኝን እልክ ነበር፤ አንዳንድ ወር ግማሽ፣ አንዳንድ ወር ሁሉንም። እናቴን ቁጭ አድርጌ በየወሩ የማይቀየር መጠን እንደምልክ፣ የቀረው ደግሞ ሦስት ወር ሊያኖረኝ እስኪችል እንደማይነካ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እስከ መቼ?» አለች። «እስከ ዓመት።» ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ያንን ገንዘብ የእምቢታ ገንዘብ እለዋለሁ። ጓደኛዬ ከቤቷ ያገኘችውን አምስት ወር እኔ ከራሴ ደመወዝ ሸርፌ ሦስት ወር አድርጌ ገዛሁት ማለት ነው። ለቤት መላክ አቁሙ የሚሏችሁን አትስሙ፣ ቤት የሌላቸው ይመስላሉ። መጠኑን ግን ወስኑት፤ ቤተሰብም የሚያውቀው ቁጥር ሲኖረው ይረጋጋል።

ሁለተኛው «ሰው የለኝም» የሚለውን መተው ነው። ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ያን ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኙት ጠየቀ። ዘወትር የሚያገኙት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነው የሚገናኙት። የቅርብ ዘመድ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ትውውቅ ነው። ይህ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተሰቤ የማይሰጠኝን ትውውቅ ዩኒቨርሲቲው ሰጥቶኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። ለአሥራ አንድ ሰዎች ጻፍኩ፤ አብረውኝ የተማሩ፣ አንድ መምህር፣ የመጋዘኑ የቀድሞ ኃላፊ ሳይቀር። ሥራ ፈልጉልኝ አላልኩም። «የዚህን ያህል ልምድ ያለው ሰው እናንተ ጋ ከስንት እስከ ስንት ይከፈለዋል?» ብቻ። ሰባቱ መለሱ፣ ሁለቱ ቁጥር ነገሩኝ፣ ክፍት ቦታ እንዳለ የጠቆመኝ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው።

ሦስተኛው መልቀቅ ነው። ታማኝነት ደመወዝ ያሳድጋል ብዬ ነበር የቆየሁት። ፊሊፕ ኦሪዮፑሎስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የካናዳ ጥናት፣ ኢኮኖሚው በተቀዛቀዘበት ዓመት የተመረቁ ሰዎች መጀመሪያ 9 በመቶ ገደማ ያጣሉ፤ ያ ጉዳት የሚሽረው ደግሞ በአብዛኛው ወደ ተሻለ ድርጅት እየተዛወሩ ሲሄዱ ነው። የእኔ መጥፎ አነሳስ ሌላ ምክንያት ነበረው፣ መድኃኒቱ ግን ያው ሆነ። ያ የቆጠራ ነገር የተነሣበት ቃለ መጠይቅ የዚያን ጊዜው ነው። «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ስባል ከሁለቱ ሰዎች ከሰማሁት ወደ ላይኛው የሚጠጋውን ተናግሬ አፌን ዘጋሁ። ዝምታው ረዘመ። እዚህ ላይ የአባቴ ምክር ጠቀመኝ፤ ዝም ማለት የሚያስፈልገው ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ሲሰጡኝ «ሐሙስ እመልሳለሁ» አልኩ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

አዲሱ ቦታ ስገባ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ኃላፊዎች ወደ ላይ የሚስቡት ልጅ አለ፣ ያም ልጅ ብዙ ጊዜ ወሬያቸው የሚገጥመው ነው። ሳም ፍሪድማንና ዳንኤል ሎሪሰን የእንግሊዝን ከፍተኛ ሙያዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያሳትሙ፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡት እዚያ ከደረሱ በኋላም በአማካይ 16 በመቶ ያነሰ እንደሚከፈላቸው አሳይተዋል፤ ካጠኗቸው ቦታዎች አንዱ ትልቅ የሒሳብ ድርጅት ነበር። ወሬዬን ልገጥምላቸው አልሞከርኩም፣ አያምርብኝም። ይልቅ በየሦስት ወሩ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ምን እንደጨረስኩ፣ ቀጥሎ የትኛውን ሥራ እንደምፈልግ እነግራለሁ። መጀመሪያ ጉራ መስሎኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ልዩነቱ ተዘጋ ወይ? አልተዘጋም። እሷ ቤት ስትገዛ ግማሹን ወላጆቿ ሰጧት፤ የእኔ ወላጆች ጡረታ ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን በምክር የሚሞላ ሰው የለም፣ እኔም አልሞክርም። ግን ደመወዛችን ዛሬ ሩቅ ለሩቅ አይደለም፣ ስልኳንም አነሳለሁ። ከተማረ ቤት የወጣችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ከዶርም ጓደኛችሁ የሚጠበቀውን ጥያቄ አትጠብቁ፤ «ያንተንም ደብዳቤ እናንብበው» በሉት። ሊጠይቃችሁ አይችልም፤ መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ተመረቀና ደወለ። «እታለም፣ ደብዳቤው ደርሶኛል፣ ነገ ጠዋት ፈርም ብለውኛል» አለ። ስፒከር ላይ አድርገው፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ አልኩት። ከኋላ የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ምን ያነባል? ሳይለውጡበት ይፈርም እንጂ!» ወንድሜ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። «አባዬ አንድ ጊዜ» አልኩና ወንድሜን ሦስተኛውን ነጥብ እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት።